ያላትና ያለባት

ከዘንድሮ መጋቢት ጀምሮ አስተርጓሚ አይደለሁም። ተገላገልኩ።

ሰው ከሥራው ሲሰናበት ያዝናል ይባላል። በስንብቴ ዕለት አሰላ ቢሮ ውስጥ ሻይና ብስኩት ቀርቦ፣ ተራ በተራ የተነሡት ተናጋሪዎች ፊቴ ላይ እንባ ሲፈልጉ አየኋቸው። አላገኙም። አንደኛው «አቶ ታደሰ በሁለት ሕዝብ መካከል ድልድይ ነበሩ» አለና ተጨበጨበለት። ድልድይ ሰውም ከብትም የሚረግጠው፣ ስሙ ሲሰበር ብቻ የሚነሣ ነገር ነው። አባባሉ ትክክል ነው፤ ምስጋና መሆኑ ብቻ አልታየኝም።

የተሰናበትኩት አጥፍቼ አይደለም። የእርሻ ልማት መሥሪያ ቤታችን ከኮሌጅ በወጡ ልጆች ተሞልቷል። እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይችላሉ፤ ዘንድሮ ደግሞ ሦስቱንም ጮክ ብለው ይናገራሉ። በመካከላቸው ቆሜ «ይላሉ» የምለው ነገር አልነበረም። ደሞዙ እንደሆነ ስለ ደሞዝ ለማውራት የሚበቃ አልነበረም፤ እሱን እንለፈው።

ሥራ የጀመርኩት በስድሳዎቹ መግቢያ ኦጎልቾ ላይ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ አፈር የሚመረምር ፈረንጅ ነበር። ሳይተነፍስ ብዙ ይናገርና እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስጨርሰው፣ «ይህን ሁሉ ተናግሬ ይቺ ብቻ?» እያለ በጥርጣሬ ያየኛል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ አልተናገረም ነበር። እሱን ለማስደሰት ስለ ዝናቡም ስለ ጤናቸውም ከራሴ መጨመር ጀመርኩ። ገበሬዎቹ በጣም ወደዱት።

ከዚያ ወደ ኢተያ ተዛወርኩ። እዚያ ያለው አለቃዬ ጨዋ ሰው ሆኖ ሳለ አማርኛ እችላለሁ ባይ ነበር፤ ከዚህ የከፋ አለቃ የለም። ሽማግሌዎቹ ምክሩን ሰምተው፣ አመስግነው ሊሄዱ ሲነሡ፣ በአገሩ ምስጋና የሚመለስበትን «ዌልካም» የሚል ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ፈልጎ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» ይላቸዋል። ሰዎቹ ይተያያሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ስለ ስንዴ ዘር የተጠራ አንድ ስብሰባ በዚህ ምክንያት አላልቅ ብሎ ዝናብ በተነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አለቆቼ ሳይሆኑ ጋሽ ከድር ናቸው። የአሰላ ሰው ናቸው፤ በችሎት አስተርጓሚነት ያረጁ። ራሳቸውን «አስተርጓሚ» ብለው አያውቁም፤ «ቱርጁማን ነኝ» ነው የሚሉት። በፍርድ ቤት ሲቆሙ ከዳኛው ጎን አይቆሙም፤ ለሚሰማው ሰው አንድ እርምጃ ይቀርባሉ። ከባድ ቃል ሲመጣባቸው ከእግራቸው ሥር ካለው ኮዳ ውሃ አንስተው ይጠጣሉ። ዳኞች «እኚህ ሰውዬ ሁልጊዜ ይጠማቸዋል» ይሉ ነበር። ጥሙ የቃሉ ነበር። ውሃው እስኪዋጥ ድረስ ቃሉን ያገላብጡታል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ይብሳል። ቃል ሲያጠራጥራቸው «እህትህን በዚህ ቃል ጥራት» ይሉኛል። «እህቴን ከፋት እንበል፤ ምን ይሆናል?» ስላቸው፣ «ከከፋት ምስጋና አልነበረማ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ታዛዥነቴን ለማሳየት ቤት ገብቼ ታላቅ እህቴን «ደፋር» አልኳት። መልሱ በጥፊ ተነገረኝ። ደፋር በወንድ ላይ ሲሆን ግማሽ ሙገሳ ነው፤ በሴት ላይ ሲሆን ሙሉ ስድብ።

ሦስተኛ የነገሩኝ ነገር «ይላሉ» የምትለዋን ቃል ነው። «ይላሉ የቱርጁማን ጃንጥላ ናት» ይሉ ነበር። «አንተን ከዝናቡ ታድንሃለች። ውሃው ግን ያው ሌላ ሰው ላይ ይወርዳል፤ እሱን አትርሳ።» ይህች ትምህርት የገባችኝ መስሎኝ ነበር።

ስለ ዘይነባ ልናገር።

ከሳጉሬ አለፍ ብላ ባለች መንደር ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛለች። በአገሩ ልማድ የሟች ወንድም መበለቲቱን ከነልጆቿ፣ ከነመሬቷ ይወርሳል። የሟቹ ወንድም ሁሴን ሚስት ነበረው፤ ቢሆንም ለመውረስ ዝግጁ ነበር። ዘይነባ ግን አልወረስም አለች። መሥሪያ ቤታችን በዚያን ጊዜ ከውጭ ኮርማ የተዳቀሉ ጊደሮችን ለተመረጡ ገበሬዎች ይሰጥ ነበርና እሷም ከጠያቂዎቹ ጋር ቀረበች። ጊደሯን ካገኘች ወተት ሸጣ ልጆቿን በቤቷ ታሳድጋለች። ካጣች ሁሴን ቤት መግባቷ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ሁሴን።

መራጮቹ የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ የወረዳው ጸሐፊና የከብት ሐኪማችን ዶክተር ሄንሪ ነበሩ። ዶክተሩ እንግሊዛዊ ነው፤ ከሰው ፈረስ የሚወድ፣ ቃል የሚቆጥብ። ሁለት ቃል ከተናገረ ንግግር አደረገ ማለት ነው። ይህ ለአስተርጓሚ በረከት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ብዙ የሚናገር ሰው አንዱ ቢሳሳትብህ ሌላው ይሸፍንልሃል። ቁጥብ ሰው ግን ቃሉን እንደ እንቁላል ይሰጥሃል፤ ከጣልከው ሌላ የለውም።

በምርጫው ዕለት ጠዋት ከብት ሲከተብ አንድ ትልቅ በሬ ገመዱን በጥሶ ሕዝቡ መሐል ገባ። ወንዱ አጥር እየዘለለ ወጣ። ከዘላዮቹ አንዱ ሁሴን ነበር፤ ቁመቱን ሳየው እንዲያ ይዘላል ብዬ አልገመትኩም። ዘይነባ ከልጆቿ ፊት ቆመች፤ ሁለት ጣቷን በሬው አፍንጫ ውስጥ አስገብታ ያዘችውና አንገቱን ጠመዘዘችው። ቆመ። ገመድ እስኪመጣ ድረስ ትሰድበው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። የዘይነባ ተራ ሲደርስ የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ቃሲም፣ «ዶክተሩስ ስለዚች ሴት ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ። ዶክተር ሄንሪ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ፈገግ አለ፤ ለሰው ፈገግ ሲል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ስፒሪትድ» አለ። «ቬሪ ስፒሪትድ።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ማንበብና ተሸክሞ ማሻገር ግን አንድ አይደለም። ስፒሪት መንፈስ ነው፤ እሷ ደግሞ እሱ የሞላባት። ጋሽ ከድር ቢሆኑ እዚህ ላይ ውሃ ይጠጡ ነበር። እኔ አልጠማኝም።

«እጅግ መንፈስ ያለባት ሴት ናት ይላሉ» አልኩ።

መጀመሪያ የተናገረው ብዕሩን እንዳነሣ የቀረው የወረዳው ጸሐፊ ነው።

«የትኛው መንፈስ? ቅዱሱ ነው ርኩሱ?»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሁሴን ብድግ አለ። «እኔ ስናገር ምቀኛ ተባልኩ። ይኸው ፈረንጁ በአንድ ቀን አየባት! በሬ በባዶ እጅ ይያዛል እንዴ? ጅኒው ነው የያዘው!»

ሐጂ ቃሲም አማርኛ ለማይሰሙት ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ዘወር ብለው ነገሩ፤ «ጅኒ ኢራ ጅራ።» ጅኒ አለባት።

ዘይነባ ከቆመችበት፣ «ጅኒ የሌለባችሁ በሬው ሲመጣ የት ነበራችሁ?» አለች።

«ስሙ! አመላለሷን ስሙ!» አለ ሁሴን። «እሷ ናት ይህን የምትናገረው?»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ የምትናገረው ሁሉ የጅኒው ሆነ። ዝም ብትል ደግሞ ጅኒው አድፍጦ ነው። እኔም ላስተካክል ብዬ፣ «ማለቴ… ደፋር ናት ለማለት ነው» አልኩ። የእህቴ ጥፊ ትዝ ያለኝ ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ነው። ሐጂ ቃሲም ዘይነባን አየት አድርገው፣ «እሱንስ አየነው» አሉ።

ሁሴን የወንድሜን ልጆች ከጅኒ ቤት ላውጣ ብሎ አቤት አለ። ሐጂ ቃሲም የጊደሯንም የልጆቹንም ነገር ለሚመጣው የሳጉሬ ገበያ ቀን ቀጠሩት። ዘይነባ ልጆቿን ይዛ ስትሄድ በአጠገቤ አለፈች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ውስጥ ዶክተሩ «ለምንድን ነው የተቆጡት?» አለኝ። ነገርኩት። ፒፓውን በመስኮት አራገፈ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ አመሰገንኳት» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው።

በማግስቱ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

«‹ባ›ዋን ከየት አመጣሃት?»

«የቷን ‹ባ›?»

«‹ያለባት› ውስጥ ያለችውን። ፈረንጁ ነው የሰጠህ?»

«እሱ አልሰጠኝም።»

«ዕዳ ያለበት እንላለን። ክስ ያለበት፣ እከክ ያለበት። ልጅ ያለው፣ ከብት ያለው፣ ወዳጅ ያለው እንላለን። ሰውየው አላት አለ፤ አንተ አለባት አልክ። ሀብቷን ሸክም አደረግህባት።»

እውነት ነው፤ «መንፈስ»ን የመረጥኩት እኔ ብሆንም «ባ»ዋን የጨመረችው ምላሴ ናት። በአማርኛ መንፈስ ሰው ላይ ይሰፍራል እንጂ ሰው መንፈስ አይኖረውም፤ ምላስ ይህን ታውቃለች፤ ባለቤቷን ሳትጠይቅ ትሠራለች።

«ደግሞ አመስግን» አሉ ጋሽ ከድር። «ስፒሪቶ ያለባት ብትል ኖሮስ? በሙስሊም ሽማግሌ ፊት ሰካራም ታደርጋት ነበር።»

ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ ቃል ፍለጋ ተቀመጥን። ጀግና አልኩ። «ማንን ገደለች?» አሉኝ። ጎበዝ አልኩ። «ምሳውን ለጨረሰ ሕፃን የሚባል ነው።» ልበ ሙሉ? «ጥሩ ነው፤ ግን የተቀመጠ ሰው ነው። ይቺ ቆማ ነው ያለችው።» ሐሞተ ኮስታራ? «ለሽፍታ።» ቆፍጣና ላይ ትንሽ ቆዩ። «ይቀርባል። ግን የወታደር ጫማ ድምፅ አለው። እህትህ ትሥቅብሃለች እንጂ አትቆጣም።» እሳት የላሰች አልኩ። «እሳት?» አሉ፤ «ጅኒ ከምን ተፈጠረ መሰለህ? ከእሳት ነው! ሁሴን ይህን ቢሰማ ይስምሃል።»

ደከመን። በመጨረሻ፣ «እኔ አንድ ቃል አለኝ» አሉ። «ግን ከእኔም ከአንተም አፍ ቢወጣ አይረባም። ቱርጁማኖቹ ተማክረው አመጡት ይባላል። ሰው የራሱን ቃል እንጂ የሌላውን አያምንም።» ትንሽ አሰቡና፣ «ዶክተሩ ይህችን ቃል ሌላ ቀን ብሏት ያውቃል?» አሉ።

አስታወስኩ። «ያውቃል። የሐጂ ቃሲምን ፈረስ ባየ ቁጥር ይላታል። ለራሱ ስለሚያጉረመርም ተርጉሜላቸው አላውቅም።»

ጋሽ ከድር ኮዳቸውን አነሡ። ረጅም ጊዜ ጠጡ።

የሐጂ ቃሲም ፈረስ ዳማ ይባላል። አርሲ ውስጥ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራልና ሐጂም አባ ዳማ ናቸው። በፈረሱ ስም መጠራት ማለት ፈረሱ ሲሰደብ መሰደብ ነው። ይህን ጋሽ ከድርም እኔም እናውቃለን፤ ዶክተሩን ግን «እንደ ወትሮህ ፈረሱን እይ፣ የተሰማህን ተናገር» ከማለት በቀር ብዙ አላስረዳነውም።

በገበያው ቀን ሽማግሌዎቹ ከእህል ተራው ወዲያ ካለው ሜዳ ተሰብስበዋል። ሁሴን ንጹሕ ጥምጥም አድርጎ መጥቷል። ዘይነባ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ትንሹ እጁን ለማስለቀቅ ይታገላል። ጋሽ ከድር በበቅሏቸው መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ዶክተር ሄንሪ የዳማን የታመመ ኮቴ ለማየት ቀረበ። ዳማ አንገቱን ቀና፣ ጆሮውን ቀሰር አድርጎ መሬቱን ደበደበው። ዶክተሩ ወደ ኋላ አለና ያንኑ ፈገግታ ፈገግ አለ።

«ስፒሪትድ!»

ሐጂ ቃሲም ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

አሁንስ ጠማኝ። በዚያች ቀን ኮዳ ይዤ ነበር፤ ጠጣሁ።

«መንፈስ ያለበት ፈረስ ነው ይላሉ።»

«ማን?»

«ዳማ።»

«ዳማ?» ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አንተ ቱርጁማን፣ አብደሃል? የእኔ ፈረስ ነው ጅኒ ያለበት? ይሄ ፈረስ ምንም የለበትም! ኦኔ ነው ያለው፣ ኦኔ! በአማርኛችሁ ወኔ! ሳትመታው ይሄዳል፤ ከመታኸው ይጥልሃል። ጦር ቢመጣ ደረቱን ይሰጣል እንጂ ጀርባውን አያዞርም። ይህን ነው ጅኒ የምትለው? ወኔ ያለው በል! ንገረው ለፈረንጁ!»

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ዶክተሩ ያሉት ይህንኑ ነው። አሁን ለዳማ ያሉት ቃልና ያን ዕለት ለዘይነባ ያሉት ቃል አንድ ቃል ነው። በሬውን ስትይዝ አይተው ነው የተናገሩት። ጅኒውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ዶክተሩን አዩ። ዶክተሩ ምን እንደተባለ አያውቅም፤ ግን ፒፓውን ወደ ፈረሱ፣ ቀጥሎ ወደ ዘይነባ ቀስሮ፣ «ስፒሪትድ፣ ስፒሪትድ» አለ፤ በሁለቱም ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ከድር ከኋላ በቀስታ፣ «አባ ዳማ፣ የተረጎሙት እርስዎ ነዎት። እኛ ቱርጁማኖቹ ከእርስዎ ተማርን» አሉ።

«ሐጂ» አለ ሁሴን ፈጠን ብሎ፤ «ፈረስና ሴት አንድ አይደሉም።»

«አይደሉም» አሉ ሐጂ። «ፈረስ አጥር ይዘላል። እሷ አልዘለለችም።» ሁሴንን ከጥምጥሙ እስከ ጫማው አዩት። «ያን ዕለት ያየሁት ዘላይ ማን ነበር?»

ሣቁ መጀመሪያ ከእህል ተራው በኩል መጣ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን ያዘ። ሐጂ ራሳቸው ጺማቸውን ይዘው ሣቁ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ዘወር ብለው፣ «ኦኔ ቀብዲ» አሉ። ወኔ አላት። ከመጀመሪያው አባባላቸው ጋር ሳነጻጽረው በዚያኛው ጅኒው «ላይዋ» ነበር፤ በዚህኛው ወኔው የራሷ ነው። «ባ»ዋ በኦሮምኛም ወደቀች።

«ጊደሯን ስጧት» አሉ። «ልጆቹም ካሉበት አይነሡም። ወኔ ያለው ነገር አይወረስም፤ ዳማን እንኳ ልጄ እንዲወርስ አልጠብቅም፣ ይጥለዋል።»

ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል፤ ዶክተሩም ስላልገባው ይበልጥ ደስ ብሎታል። ከሁሴን ሌላ አንድ ሰው ብቻ አልሣቀም። ዘይነባ ልጆቿን ለቅቃ ወደ እኔ መጣች።

«በሬውን ስይዝ ሁላችሁም አይታችኋል» አለች በገበያ አማርኛዋ።

«አይተናል።»

«እና በዓይናችሁ ያያችሁትን ለማመን ፈረስ ምስክር አስፈለጋችሁ? ዳማ ኮቴውን ባይታመም ኖሮ እኔ ጅኒ ሆኜ መቅረቴ ነው?»

መልስ ለመፈለግ ኮዳዬን አነሣሁ። ባዶ ነበር። እሷ ጊደሯን ልታይ ሄደች።

ያንን ጥያቄ ላለፉት ዓመታት ይዤው ዞርኩ። ብዙዎች የትርጉም ሥራ ቃል ማግኘት ይመስላቸዋል። ወኔ የሚለውን ቃል እኮ እኔም፣ ሐጂም፣ ያ ሁሉ ሽማግሌም ከልጅነታችን እናውቀው ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ መተርጎም እንኳ አያስፈልገውም። የጠፋው ቃሉ አልነበረም። ለሴት የሚሆን ስላልመሰለን ማንም አላነሣውም።

ከስንብቴ በሳምንቱ ወደ ሳጉሬ ወረድኩ። ምክንያቱን ለራሴም አልነገርኩትም። የዘይነባ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ልጆቹ አድገዋል። ያች ጊደር ወልዳ ተዋልዳ በረቱ በሆዳሞች ተሞልቷል። ከበረቱ በስተኋላ፣ «ስፒሪት! ኮቱ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ «ነይ» ማለቷ ነው። አንዲት ግንባረ ነጭ ላም እየተጎማለለች መጣች።

«ላሚቱን ምን አልሻት?» አልኳት።

«ስፒሪት። ስም ከሰጣችሁኝ አይቀር ለሷ አወረስኳት» አለች። ከዚያ አየችኝ። «አሮጌው ቱርጁማን! ሥራ ተዉ ሲሉ ሰማሁ።»

«ተውኩ።»

«አሁንስ ቃል ያሳድድዎታል?»

«አንዳንድ ጊዜ» አልኳት። «ያን ቀን የጠየቅሽኝ ጥያቄ።»

የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀችም። ገባ ብላ በትልቅ ጣሳ ትኩስ ወተት አመጣችልኝ፤ አረፋው ከአፉ ተርፏል።

«ጠጡ» አለችኝ፤ ሣቋን እየያዘች። «ያለብዎት ይለቅዎታል።»

ጠጣሁ። ለቀቀኝ።